ከሶኬት የተነቀለ ሁሉ ኃይሉ አልቋል ማለት አይደለም

የተበላሸ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለመክፈት የሚደፍር ሰው አስቀድሞ ገመዱን ከግድግዳው ይነቅላል። ይህን ማድረጉ ተገቢ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። በመሣሪያው ውስጥ የሚገኘው ካፓሲተር ያጠራቀመውን ኃይል ገመዱ በተነቀለበት ቅጽበት አይለቅም። በእኔ እምነት ስለ ኤሌክትሪክ ያለን የተለመደ ዕውቀት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፦ ስለ ቮልት እንጠይቃለን፣ ስለ ጊዜ ግን አንጠይቅም።

ካፓሲተር ሁለት የብረት ንጣፎችና በመካከላቸው የተጋረደ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቁስ ነው። ያጠራቀመውን ቻርጅ በሬዚስተር በኩል ሲያፈስ ከሥሩ ጠባብ ቀዳዳ ያለውን እንስራ ይመስላል። እንስራው ሙሉ ሳለ ውኃው በኃይል ይወረወራል፤ እየጎደለ ሲሄድ ፍሰቱ ይደክማል። የካፓሲተሩም ቮልቴጅ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ ኋላ ላይ በዝግታ ይወርዳል። ፍጥነቱን የሚወስነው የሬዚስተሩ ኦም በካፓሲተሩ ፋራድ ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ሲሆን፣ በሰከንድ የሚለካው ይህ ውጤት የጊዜ ቋሚ ይባላል። አንድ የጊዜ ቋሚ ሲያልፍ ከቮልቴጁ 37 በመቶ ያህል ይቀራል፤ ሦስት ሲያልፍ 5 በመቶ፣ አምስት ሲያልፍ ደግሞ ከ1 በመቶ በታች።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። በ220 ቮልት መስመር ላይ የሚሠራ የኃይል ማቅረቢያ በውስጡ 310 ቮልት ያህል የተሞላ የ220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለው እንበል። ቻርጁን እንዲያፈስ የተገጠመለት ሬዚስተር 220 ኪሎ ኦም ከሆነ የጊዜ ቋሚው 48 ሰከንድ ያህል ነው። ገመዱ ከተነቀለ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንኳ ወደ 90 ቮልት ይቀራል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ግን ሁለት ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ያ ሬዚስተር ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ የአራት ደቂቃው ስሌት ዋጋ ያጣል፤ ቻርጁ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ መጠበቅ ብቻውን አያድንም፤ ከጠበቁ በኋላ መለካት ያስፈልጋል። የማይክሮዌቭ ምድጃ ካፓሲተር ከ2000 ቮልት በላይ ስለሚይዝና ሊገድል ስለሚችል ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊከፍተው አይገባም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1745 ጀርመናዊው ፎን ክላይስት በኤሌክትሪክ የሞላውን ጠርሙስ ከማሽኑ ካላቀቀ በኋላ በውስጡ የነበረውን ምስማር ሲነካ ብርቱ ንዝረት መታው። የመጀመሪያው ካፓሲተር ዓለምን ያስተማረው ትምህርት ይኸው ነበር፦ ከምንጩ መለየት ባዶ መሆን አይደለም።

አንዳንድ ጠጋኞች «የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች በካቻቢቴ ማገናኘት ይበቃል» ይላሉ። በእርግጥ ካፓሲተሩ ባዶ ይሆናል። ነገር ግን ካቻቢቴም ኦሙ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሬዚስተር ነው፤ ኃይሉ ሁሉ በቅጽበት ሲወጣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊፈስ፣ የብረቱ ጫፍ ሊቀልጥ፣ ብልጭታው ዓይን ሊጎዳ ይችላል። በዚያው ካፓሲተር ላይ ለሥራው የሚመጥን የ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቢገናኝ ግን የፍሰቱ መነሻ 0.155 አምፔር ብቻ ይሆናል፤ ካፓሲተሩም በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ባዶ ይሆናል። የሁለት ሰከንድ ትዕግሥት ውድ ዋጋ አይደለም።

በውጭ አገር ለምንኖር ጉዳዩ ሌላም መልክ አለው። በአሜሪካ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ሲላክ 220 ቮልት ይጠብቀዋል። ካፓሲተር የሚይዘው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጭነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 200 ቮልት እንዲችል የተመረጠ ካፓሲተርም 310 ቮልት ሲደርስበት ሊፈነዳ ይችላል። ከመላካችን በፊት በጀርባው ያለውን ጽሑፍ እናንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለሁለቱም አገር ይስማማል።

በሙያ ማሠልጠኛም ሆነ በአማርኛ በሚሰራጩ የጥገና ቪዲዮዎች የሚያስተምሩ ሁሉ «ንቀል» ካሉ በኋላ ሁለት ቃላት እንዲጨምሩ እጠይቃለሁ፦ «ጠብቅ» እና «ለካ»። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠበቅ ለማወቅ አንድ ማባዛት ይበቃል፤ ካፓሲተሩ በእርግጥ ባዶ መሆኑን የሚነግረን ግን መለኪያው ብቻ ነው።