ፎቶ ከማጀት ሲጀምር

ድሮ ለእኛ ፎቶ ማለት ዓመት በዓል ነበር፤ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቀጥ ብሎ መቆም። ዛሬ ካሜራው ኪሳችን ውስጥ ነው፤ የምናነሳው ግን ያው እንጦጦን፣ ማኪያቶንና የራሳችንን ፊት!

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠን ማጀቱን ማንሳት ጀመርን። ጠዋት በመስኮት ከጎን የሚገባው ብርሃን የጀበናዋን እያንዳንዷን ጭረት ያወጣዋል (ፍላሹን አጥፉት፣ በእናታችሁ!)። እኩለ ቀን ላይ ውጭ ሰው ከማንሳት ግን ይቅር። ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን ስር ጥላ ትጥላለች፤ ቆንጆውም ሰው እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

ቀጥሎ ሰፈር ወጣን። "ቆርቆሮና ጭቃ ምኑ ይነሳል?" የሚሉን ጓደኞች አሉን። መልሳችን ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ስልካችንን በረበርን። ስንት ምሳ የበላንበት ሰፈር፣ የተገኘው የሳህን ፎቶ ብቻ ነው። በሩ የለም፣ ጠባቧ መተላለፊያ የለችም፣ ያስተናገዱን ሰዎችም የሉም። ለካ ስንበላ ቀና ብለን አላየንም!

ስለዚህ አሁን የየሰፈራችንን በርና አጥር፣ ደጃፉ ላይ የሚቀመጠውንም ሰው እናነሳለን፤ አስፈቅደን ነው ታዲያ። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው እህታችን መጀመሪያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያነሳነውን ስናሳያት ግን ሳቀችና "አሳጥባችሁ ካላመጣችሁልኝ ቡና የለም" አለችን።

እስካሁን አላሳጠብንም። በዚያ በኩል ማለፍ ከተውን ሁለት ሳምንት ሆነን።