ባል ጡረታ ሲወጣ ሚስትም ሥራ ትተው?

በአጋሚምም ሆነ በሌሎቹ የአሽቀሎን ሰፈሮች፣ ዕድሜያቸው በገፋ ባልና ሚስት ቤት ተደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ባል 67 ዓመት ሞልቶት ከሥራ ተሰናብቷል። ሚስት ስድሳን አልፋለች፤ አሁንም ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ወደ ጽዳት ሥራዋ ትሄዳለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ መውጣት ከብዷታል። ባል «በቃሽ፣ ብዙ ሠርተሻል፤ አንቺም ዕረፊ» ይላታል። ከርኅራኄ የመጣ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከመፈጸሙ በፊት ሁለቱም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቢቀመጡ ይሻላል። አብዛኛው ሰው የሚያሰላው የሚቀረውን ደመወዝ ብቻ ነው፤ ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚቀር ሌላ ነገር አለ።

መጀመሪያ የባልን ገቢ እንመልከት። ለምሳሌ ያህል በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጥቶ፣ ከ1992 ጀምሮ ሳያቋርጥ ሠርቶ በ2025 ጡረታ የወጣ ሰው እንውሰድ። ቢቱዋህ ሌዑሚ የሚከፍለው መሠረታዊ የእርጅና አበል ለአንድ ሰው ከ2,000 ሸቀል በታች ነው። በዚያ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ የኢንሹራንስ ዓመት 2 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 50 በመቶ ነው። ይህ ሰው 33 ዓመት ስላለው 23ቱ ይታሰቡለታል፤ ጭማሪው 46 በመቶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ተደምሮም 3,000 ሸቀል አይሞላም። በኤፕሪል 2025 ዝቅተኛው የሙሉ ሥራ ደመወዝ ደግሞ 6,247.67 ሸቀል ነበር። በዚህ ደመወዝ ይኖር የነበረ ቤት፣ ከባል በኩል ይገባ ከነበረው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ጎደለበት ማለት ነው።

«ቀሪውን ፔንሲያ ይሞላዋል» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ የመጣው ትውልድ የተጎዳበት ነገር አለ። በእስራኤል ለሠራተኛ ሁሉ ፔንሲያ መቆጠብ ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 2008 ጀምሮ ነው። ያኔም የሚቀመጠው ከደመወዙ 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ አድጎ ዛሬ 18.5 በመቶ ደርሷል፤ 6 በመቶ ከሠራተኛው፣ 6.5 በመቶ ከአሠሪው፣ 6 በመቶ ደግሞ አሠሪው ለፒጹዪም የሚያስቀምጠው ነው። ስለዚህ በሥራ ውሉ ወይም በሠራተኞች ስምምነት ፔንሲያ ያልነበረው ሰው፣ በ1990ዎቹ ሙሉ በጉልበቱ ሲሠራ ኖሮ አንዲት አጎራ አልተቀመጠለትም። በኋላ የተቀመጠውም ቢሆን፣ የጽዳት ቃብላኑ በተለወጠ ቁጥር ሌላ ሌላ ኩፓ ውስጥ ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። የገንዘብ ሚኒስቴር «ሃር ሃኬሴፍ» የተባለው የኢንተርኔት ገጽ ለዚህ ነው የተሠራው፤ በመታወቂያ ቁጥር ይፈለጋል። ልጆች ወይም የልጅ ልጆች በአንድ ምሽት ሊፈልጉት የሚችሉት ነገር ነው።

አሁን ወደ ሚስት እንመለስ። የሴቶች የጡረታ ዕድሜ በ2004 ሕግ ከ60 ወደ 62 ከፍ ብሎ ነበር። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ደግሞ እንደገና እየጨመረ ነው። በ1962 የተወለደች ሴት በ63 ዓመቷ፣ በ1964 የተወለደች በ63 ዓመት ከ6 ወር፣ በ1966 የተወለደች በ64 ዓመቷ ትደርሳለች። በ1970ና ከዚያ በኋላ ለተወለዱት 65 ነው። የሚቆጠረው በመታወቂያው ላይ የተጻፈው ቀን መሆኑ አይዘንጋ። ብዙ ሰው አገር ሲገባ ዕድሜው በግምት ተጽፎለታልና፣ እናት «እኔ እኮ ከዚህ እበልጣለሁ» ብትል እንኳ መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ከዚህ ዕድሜ በፊት ሥራዋን ጨርሳ ብትተው፣ ባለትዳር ስለሆነች በቢቱዋህ ሌዑሚ ዓይን «ዓቀሬት ባይት»፣ ማለትም የቤት እመቤት ትሆናለች። የኢንሹራንስ ክፍያ አይጠየቅባትም፤ ይህ ጥሩ ይመስላል። ግን የቤት እመቤት የሆነችባቸው ዓመታት ለዚያ 2 በመቶ ጭማሪ አይቆጠሩላትም። ወደ ፔንሲያዋ የሚገባው ገንዘብም ይቆማል። በፔንሲያ ኩፓው ውስጥ ያለው የአካል ጉዳትና የወራሾች ዋስትና፣ ክፍያ ከቆመ በኋላ በራሱ የሚቆየው ለ5 ወር ያህል ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትታ ቆይታ በኋላ ታማ የአካል ጉዳት አበል ብትጠይቅ ደግሞ፣ የምትመዘነው እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ቤት እመቤት ሊሆን ይችላል፤ ያኛው መመዘኛ ይጠብቃል። በሕመም ምክንያት ሥራ ለመተው የምታስብ ሴት መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ፣ ቀጥሎ ቢቱዋህ ሌዑሚ ሄዳ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤውን በመጨረሻ ብትጽፍ ይሻላታል። ብዙዎች ይህን ተራ ይገለብጡታል።

በመሥራትና በመተው መካከል ሌላ መንገድም አለ፤ ሰዓት መቀነስ ነው። በግማሽ ሥራ ላይ ያለች ሴት ዓመቶቿ ይቆጠሩላታል፤ ፔንሲያዋም በደመወዟ ልክ ይቀጥላል። ቤቱ ግን በግማሽ ደመወዝ ይችላል ወይ?

ወጪውን ሲጽፉ ከቁም ነገሮቹ መጀመር ያስፈልጋል። አርኖና፣ ሊፍት ባለው ሕንፃ ለሚኖር የዋዓድ ባይት ክፍያ፣ መብራት፣ ውኃ፤ እነዚህ ደመወዝ ቀነሰ ብለው አይቀንሱም። ማሽካንታ ያልጨረሰ ደግሞ ከኤፕሪል 2022 በፊት 0.1 በመቶ የነበረው የእስራኤል ባንክ ወለድ በሜይ 2023 4.75 በመቶ መድረሱን ከወር ክፍያው አውቆታል። ማዓም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል፤ ከሱቅ የሚገዛው ሁሉ ማለት ይቻላል ተነክቷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው በየትኛውም የባንክ ሠንጠረዥ ላይ የማይገኘው ወጪ ነው። ሠርግ አለ፤ ፖስታው ባዶ አይሰጥም። ለቅሶ አለ። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የቀረ ወንድም ወይም እህት አለ፤ በየወሩ ባይሆን በየበዓሉ ይጠብቃል። ሁለት ደመወዝ ሲገባ የተለመደውን በአንድ አበል ልቀጥል ያለ ቤት በዓመቱ ዕዳ ውስጥ ይገኛል። ይህን ለዘመድ መናገር ያሳፍራል፤ ባልና ሚስት ግን ቢያንስ እርስ በርሳቸው መጠኑን መቁረጥ ይችላሉ። እርሱ በድብቅ ለወንድሙ፣ እርሷ በድብቅ ለእህቷ የሚልኩበት ቤት ሒሳቡ መቼም አይገጥምም።

አንድ ጥሩ ክርክር ከሌላው ወገን ይነሣል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ጡረተኞች «ሐሽላማት ሐክናሳ» የተባለ ማሟያ ያገኛሉ። ማሟያው የሚታሰበው የባልና የሚስት ገቢ አንድ ላይ ተደምሮ ስለሆነ የሚስት ደመወዝ ይቀንሰዋል፤ ሊያስቀረውም ይችላል። ከማሟያው ጋር የሚመጡ ቅናሾች አሉ፤ በወር ለመጀመሪያዎቹ 400 ኪሎዋት ሰዓት የመብራት ግማሽ ዋጋ፣ የመድኃኒት ቅናሽ፣ እስከ 100 ሜትር ካሬ ድረስ የአርኖና ቅናሽ። «እንግዲያው ለምን ትሠራለች?» ይባላል። መልሱ ቤት ለቤት ይለያያል። ከደመወዟ የተወሰነው በስሌቱ አይቆጠርባትም፤ ሥራዋም ለነገ ያስቀምጥላታል። ሆኖም ጥቂት ሰዓት ጨምራ ያገኘችው በሌላ በኩል የሚወሰድባት ሴትም አለች። ይህን ጎረቤት ጠይቆ ማወቅ አይቻልም፤ የጎረቤት ገቢ ሌላ ነው። ማሟያ የሚቀበል ሰው ለረጅም ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድም አበሉ ሊነካ ስለሚችል፣ ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

በቢቱዋህ ሌዑሚ ለአረጋውያን ምክር የሚሰጡ፣ ራሳቸውም ጡረተኞች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ክፍያ የለውም። የሁለቱንም የቅርብ ወራት ቱሉሽ፣ የፔንሲያ ኩፓውን የዓመት ወረቀትና መታወቂያ ይዞ አብሮ መሄድ ነው።

አብሮ መሄድ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባል ከኩፓው ፔንሲያ መቀበል ሲጀምር የሚሞላው ቅጽ ላይ፣ እርሱ ቢሞት ሚስቱ ከፔንሲያው ስንት በመቶ እንደምታገኝ የሚመርጥበት ቦታ አለ። ለእርሷ ብዙ ከተወ የእርሱ የወር ክፍያ ትንሽ ይቀንሳል፤ ጥቂት ከተወላት የእርሱ ይጨምራል። ክፍያው ከተጀመረ በኋላ ምርጫውን መለወጥ አይቻልም። ሚስት ሥራ ለመተውም ሆነ ለመቀጠል ከመወሰኗ በፊት በዚያ ቦታ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማየት ይኖርባታል።