ድምፁ ቀድሞ፣ ምስሉ ዘግይቶ

የበርታ ሰዎች ዋዛ ሲነፉ ዜማው የአንድ ሰው አይደለም። ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ሲሆን፣ አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው እያንዳንዱ ነፊ ተራውን ጠብቆ የራሱን ድምፅ ሲጨምርበት ነው። ስለዚህ ዋዛን በቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው የጠራ ምስልና የጠራ ድምፅ አገኘሁ ብሎ ማረፍ አይችልም። ማን በየትኛው ቅጽበት እንደነፋ መታየት አለበት። ድምፁ ከምስሉ ግማሽ ሰከንድ ከቀደመ፣ ነገ ከዚያ ቪዲዮ ሊማር የሚቀመጥ ልጅ የአንዱን ነፊ ድምፅ አጠገቡ ለቆመው ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው ቅጂ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለትምህርት ግን አይሆንም።

በሊኑክስ ላይ ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ምን ያህል እንደሚያደክም የምናገረው ከዚህ ተነስቼ ነው። የምተዳደረው አሶሳ ውስጥ በቪዲዮ ሥራ ነው። እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ነው፤ ልቤ ያለው ግን ዋዛና ዙምባራ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ዘፈን ቀረጻ ላይ ነው። የምሠራበት ላፕቶፕ ያገለገለ ነው፣ የተጫነበትም ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን ትቼ ወደ ዊንዶውስ ልመለስ አልልም። የምለው ሌላ ነው፦ ይህን ሥራ የሚሠራ ወጣት ሁሉ በየቤቱ ብቻውን ከማሽኑ ጋር መታገሉ ይብቃ፤ ችግሮቹ የታወቁ ናቸው፣ መፍትሔያቸውም የታወቀ ነው፣ የቀረው መፍትሔውን እዚህ አምጥቶ ማስቀመጥ ነው።

የድምፁን ነገር ልጨርስ። በእኛ አካባቢ አብዛኛው የባህል ቀረጻ የሚደረገው በስልክ ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ምስል እቀርጻለሁ ቢልም ብርሃን ሲያንሰው ቁጥሩን ይቀንሳል። ማታ በሚደረግ ጨዋታ ላይ፣ አንዴ ወደ መብራቱ አንዴ ወደ ጨለማው ሲዞር፣ የምስሎቹ ብዛት ከሰከንድ ሰከንድ ይለዋወጣል። ድምፁ ግን ሳይዛነፍ ይቀጥላል። የቅንብር ፕሮግራሙ ሰከንዱ ሁሉ እኩል ምስል እንዳለው አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ታይምላይኑ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የገጠመው ድምፅ እየሄደ እየሄደ ከምስሉ ይሸሻል። መድኃኒቱ ቪዲዮውን ከቅንብር በፊት ወደ እኩል ፍጥነት መቀየር ነው። ኬዴንላይቭ የሚባለው የቅንብር ፕሮግራም ፋይሉ ሲገባ ልቀይርልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው መሣሪያም በአንድ መስመር ትእዛዝ ያልቃል። ነገር ግን ስልኩ በአንድ ሰዓት 7 ወይም 8 ጊጋባይት የያዘው ቀረጻ ለቅንብር ወደሚመች ዓይነት ሲቀየር ከ60 ጊጋባይት በላይ ይወጣዋል። የሠርግ ሥራ በሞላበት ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ይህን የት ያስቀምጡታል? የተቀየረውን ከፋፍሎ መሥራት፣ ወይም ፕሮክሲ በሚባለው ትንሽ ቅጂ ማቀናበር ይቻላል። ይህንንም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ካላሳየ ማንም በራሱ አይደርስበትም።

ሌላው፣ ትምህርት የሚቀዱ መምህራንንም የሚነካው፣ የመብራት ጉዳይ ነው። የኤምፒ4 ፋይል ማውጫ በተለመደው አሠራር የሚጻፈው ቀረጻው ሲያበቃ ነው። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ላይ ትምህርቱን የሚቀዳ መምህር መሀል ላይ መብራት ከሄደበት፣ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ እያለ አይከፈትም። በኤምኬቪ ቢቀዳ ኖሮ እስከ ተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፍ ነበር፤ በኋላ ወደ ኤምፒ4 መመለሱ የደቂቃ ሥራ ነው። ኦቢኤስ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ የሚቀየረው አንድ ምርጫ ብቻ ነው። ይህችን ምክር በአማርኛ የጻፈ አንድ ወረቀት በየትምህርት ቤቱ ቢለጠፍ ስንት የደከሙበት ሥራ ይድን ነበር! ሳስበው ያንገበግበኛል።

መምህራኑ ስክሪን ለመቅዳት ሲሞክሩ ደግሞ የሚያዩት ጥቁር ስክሪን ነው። ኡቡንቱ ከ21.04 ወዲህ ስክሪን የሚያስተዳድርበትን መንገድ ቀይሮ ዌይላንድ ወደሚባለው ዞሯል። በድሮው አሠራር ማንኛውም ፕሮግራም ሳይጠይቅ ስክሪኑን ማየት ይችል ስለነበር ለውጡ ለደኅንነት የሚደገፍ ነው። ግን የድሮ መቅጃ ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ ጥቁር ብቻ ይቀዳሉ፤ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው መቅጃ ደግሞ በብዙዎቹ ማሽኖች ምስሉን እንጂ ድምፁን አይቀዳም። አዲሱን መንገድ የማያውቅ መምህር ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይተወዋል።

ከሁሉም የሚብሰው ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮ የሚታመቅበትና የሚከፈትበት ዘዴ፣ ነው። ስልኮቻችን የሚቀርጹበት ኤች 264 በፓተንት የታሰረ ስለነበር ብዙ የሊኑክስ አዘጋጆች አብረው አያስገቡትም። ኡቡንቱ ሲጫን በአንዲት ምልክት ይጨመራል፤ የሚጨመረው ግን ከኢንተርኔት እየወረደ ነው። አሶሳ ውስጥ በፍላሽ፣ ያለ ኢንተርኔት የተጫነ ማሽን የገዛ ባለቤቱን የሠርግ ቪዲዮ መክፈት ያቅተዋል። ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመሰለ ትልቅ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል የሚባለውም ለእኛ አይሠራም፤ የሊኑክሱ ነፃ ቅጂ ኤች 264ን አይከፍትም። የሚከፍተው የሚሸጠው ሲሆን ዋጋው 295 ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ዶላር የሚከፍል ካርድስ ከእኛ መሀል ስንቱ እጅ አለ?

ታዲያ ለምን ክራክ አትጠቀምም የሚሉኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኛ የቪዲዮ ሰዎች ሥራችን ሲሰረቅ የምንጠራው ሕግ ነው፤ የሌላውን ፕሮግራም ሰብረን እየተጠቀምን ልንጠራው አይገባም። ሁለተኛው ምክንያቴ ፋይሉ ነው። የኬዴንላይቭ ፕሮጀክት ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ቢበላሽ እንኳ በጽሑፍ መክፈቻ ገብቼ የጠፋውን የፋይል አድራሻ አስተካክላለሁ። ክራኩ ሲበላሽ ግን ከሱ ጋር የተዘጋው ሥራም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። እጃችን ላይ ካሉት አሮጌ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ወደድንም ጠላንም ብዙ ሰው ወደ ሊኑክስ ይመጣል፤ ሲመጣ ምን ይጠብቀዋል ነው ጥያቄው።

አዲስ አበባ ተቀምጠው ሊኑክስ ዛሬ ለሁሉም ዝግጁ ነው የሚሉ ባለሙያዎችን እሰማለሁ። ፈጣን መስመር ላለው፣ እንግሊዝኛ እንደ ልቡ ለሚያነብ ሰው እውነት ነው። መንጌ ወይም ኩርሙክ ላለ ወጣት ግን አይደለም። እሱ ርእስ በፊደል ለመጻፍ ሲሞክር፣ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ የመጣው የቅንብር ፕሮግራም የአማርኛ ኪቦርዱን አልቀበል ይለዋል። ጽሑፉን ሌላ ቦታ ጽፎ ኮፒ አድርጎ ያመጣል፤ ፎንቱ ካልተገኘ ደግሞ በተቀረጸው ሽማግሌ ስም ፋንታ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ይደረደራሉ። ዝግጁ ነው ተብሎ የተነገረው ወጣት ጥፋቱን የሚያየው ራሱ ላይ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራንም ተማሪዎችም አሉት። የኡቡንቱን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ቅጂ ከነኮዴኮቹ፣ ከነግዕዝ ፎንቶቹ፣ ከነኬዴንላይቩና ከነኦቢኤሱ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰብስቦ ማንም መጥቶ እንዲገለብጥ ቢፈቅድ፣ በየቤቱ በዳታ የሚቃጠለው ብር ይቀራል። ተማሪዎቹ የስልክ ቀረጻን በአንድ ጠቅታ ወደ እኩል ፍጥነት የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም መሥራት ይችላሉ፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ከዚህ የሚበልጥ ርእስ አላውቅም። የአጠቃቀም መመሪያው በአማርኛ፣ ቢቻል በበርታና በጉሙዝ ቋንቋም ይሁን።

የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮም ድርሻ አለው። በመተከልና በካማሺ በነበረው ግጭት ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ አብሮ ይነፋ የነበረ፣ አብሮ ይዘፍን የነበረ ሰው ተበታትኗል። ዛሬ የተቀረጸው ነገ ዳግም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የሚቀረጽ ማንኛውም የባህል ቪዲዮ ያለቀለት ቅንብር ብቻ ሳይሆን ጥሬው ቀረጻም፣ ማንም ፈቃድ ሳይገዛ በሚከፍተው ዓይነት ተገልብጦ ለቢሮው ይሰጥ። ለዚህ የሚሆን አለ። ኤፍኤፍቪ1 የሚባለው፣ ከጥራቱ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ኮዴክ በፈረንጆቹ 2021 ዝርዝር መግለጫው ታትሞለታል፤ የሌሎች አገር ቤተ መዛግብትም ይጠቀሙበታል። ቢሮው ከመረከቡ በፊት ደግሞ አንድ ሠራተኛ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይቶ፣ ድምፁ ከነፊው አፍ ጋር መግጠሙን ያረጋግጥ።

ሃርድ ዲስኩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ በደብዳቤ የሚጠየቅ እንዳይሆን። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ በገበያ ቀን ክፍት ይሁን፤ ከገጠር የመጣ ወጣት ዕቃውን ሸጦ፣ ፍላሹን ሞልቶ፣ መኪናው ሳይነሳ መመለስ ይችል ዘንድ።