ከሻንጣው በፊት ቃሉ

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአንዱ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ነው። አውሮፕላኑ ሞልቷል፤ ከራስ በላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያም እንዲሁ። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ያበጠ የእጅ ሻንጣ ታቅፈው ከወንበሬ አጠገብ ቆሙ። አንድ የበረራ አስተናጋጅ መጥቶ ሻንጣው ወደ ጭነት ክፍል እንደሚወርድ ነገራቸውና «ሊቲየም ባትሪ ወይም ሌላ የተከለከለ ቁስ ይዘዋል?» ሲል ጠየቃቸው። እናት ደነገጡ። «ኧረ የለም፣ ምንም የለም» አሉ።

ሻንጣው ሊወሰድ ሲል ሌላ አስተናጋጅ ደረሰች። ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ፣ ፓወር ባንክ የሚሉት ነገር ሻንጣው ውስጥ አለ?» አለቻቸው። «አዎ ልጄ፣ ሁለት አለ። ለልጅ ልጆቼ ነው» አሉ ወዲያው። ሁለቱም ወጥተው በእጅ ቦርሳቸው ገቡ፤ ሻንጣው ወረደ። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

እኚህ እናት ዋሽተዋልን? እኔ ዋሽተዋል አልልም። የመጀመሪያው ጥያቄ የፖሊስ ጥያቄ ነበር። «የተከለከለ ነገር ይዘሃል?» ሲባል «አዎን» ብሎ የሚመልስ ከመካከላችን ማን አለ? ሁለተኛው ጥያቄ ግን ዕቃውን በሚያውቁት ስሙ ጠራላቸው፤ እውነቱም ሳይጎተት ወጣ።

ይህን እንደ ተራ የቋንቋ ጨዋታ የሚያይ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ፓወር ባንክ በአቪዬሽን ደንብ እንደ ትርፍ ባትሪ ይቆጠራል፤ ከመንገደኛው ጋር እንጂ በጭነት ክፍል መጓዝ አይፈቀድለትም። 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለው ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይሻል፤ ከ160 ያለፈው ጨርሶ አይገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ ከውስጡ ራሱን በራሱ ያግላል፣ ይነዳልም። በመንገደኞች ክፍል ከሆነ ሰው አይቶ ይደርስለታል። አስተናጋጆቹ ነበልባሉን በማጥፊያ ይገቱታል፤ ከዚያም ዳግም እንዳይነሣ ውሃ እያፈሰሱ ያቀዘቅዙታል። በጭነት ክፍል ግን የሰው እጅ አይደርስም፤ እዚያ የሚለቀቀው ጋዝ ነበልባሉን ቢያፍነውም የባትሪውን የውስጥ ግለት አያቆመውም።

እ.ኤ.አ. በጥር 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ሊነሣ የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ገና መሬት ላይ ሳለ ከዕቃ መደርደሪያው በተነሣ እሳት ተቃጠለ። በውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ። መርማሪዎችም መነሻው ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ። አገሪቱ በዚያው ዓመት ከመጋቢት 1 ጀምሮ ፓወር ባንክ በመደርደሪያ እንዳይቀመጥ ከለከለች። ኤምሬትስም ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀምን አገደ።

«ይህ የፍተሻ ሠራተኞች ሥራ ነው፤ የአስተናጋጅ ሥራ ምግብና መጠጥ ማቅረብ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ተሳስቷል። የፍተሻ መሣሪያ ቢላዋን ይይዛል፤ ቢላዋ በመንገደኞች ክፍል የትም ቢቀመጥ ክልክል ነውና። የፓወር ባንክ ክልክልነት ግን በዕቃው ሳይሆን በቦታው ነው። በር ላይ የተፈቀደው ነገር ሻንጣው ወደ ታች በወረደባት ቅጽበት የተከለከለ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት በመካከል የቆመው የአንዲት አስተናጋጅ ጥያቄና የአንድ መንገደኛ መልስ ብቻ ነው።

የእነዚህ ሠራተኞች ዋና መሣሪያ ዐይንና አንደበት መሆኑን ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ከፓሪስ ወደ ማያሚ በሚበር አውሮፕላን ፈንጂ በጫማው የደበቀውን ሪቻርድ ሪድን ማን አስጣለው? ፍተሻውን አልፎ ገብቶ ነበር። የክብሪት ሽታ የደረሰባት ሄርሚስ ሙታርዲዬ የተባለች አስተናጋጅ ቀርባ ምን እያደረገ እንደሆነ ስለ ጠየቀችው ነው ነገሩ የተጋለጠው። ከዚያ በኋላ ነው ባልደረባዋና መንገደኞቹ ተረባርበው የያዙት።

የእኛው ቁስል ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን የጠለፉት ሦስት ሰዎች ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበት ጠርሙስ የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበር በኋላ ታውቋል። መጥረቢያውንም ያገኙት ከዚያው ከአውሮፕላኑ ነበር። ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው በዚያ አውሮፕላን ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ከሁሉ የከፋው ክልክል ነገር ጠርሙሱ አልነበረም፤ «ቦምብ» የሚለው የሐሰት ቃል ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ! ዛሬም በአውሮፕላን ላይ ስለ ቦምብ መቀለድ የሚያስጠይቀው ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ዕዳ አለ እላለሁ። አንደኛው የአየር መንገዶች ነው። በጠራ አማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ መንገደኛው በሚሰማው ቋንቋ ሁሉ ዕቃውን በሰው በሚታወቅ ስሙ ጠርተው ይጠይቁ። «ቁሳቁስ» እና «ሊቲየም» ለመጽሐፍ ያምራሉ፤ ለእኚያ እናት ግን ምንም አልነገሯቸውም። ጥያቄውም ክስ አይምሰል፤ ክስ የሰማ ሰው ራሱን ይከላከላል እንጂ እውነት አይናገርም።

ሁለተኛው የእኛ ነው። ባትሪ ሲግል፣ ስልክ ወንበር ሥር ሲሾልክ፣ ሻንጣችን ሲወሰድ ዕፍረትና ስስት አፋችንን አይዝጉት። ወንበሩን ራሳችን ገፋ መለስ ሳናደርግ አስተናጋጇን እንጥራት፤ የተጨፈለቀ ስልክ እሳት ነው።

የእማማ ሁለት ፓወር ባንኮች ምንም ሳይሆኑ አዲስ አበባ ገቡ። የልጅ ልጆቻቸው የሚያውቁት ስጦታ መሆኑን ብቻ ነው። እኔ ግን ሻንጣው ሲወርድ የነበረውን የመጀመሪያውን «የለም» ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።