«ጋሼ፣ ስንት ጣሉ?»

የኛ ፉከራ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ገዳዩን። ወጥ ሠርቶ ሻለቃውን ላበላ፣ ሌሊቱን ኦራል ሲነዳ ላደረ፣ የቁስለኛ ደም ላጠበ የሚሸልል የለም። ሰው በሠርግ ቤት እንዳሻው ይፎክር፤ ምን ገዶኝ! ጣጣው የሚመጣው ፉከራው ከሠርግ ቤት ወጥቶ የአገር ውለታ መስፈሪያ ቁና ሲሆን ነው።

ቦሳ ኪቶም ሁኑ ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ ውስጥ የቀድሞ ወታደር ባለበት ቡና ስትጠጡ ጥያቄዋ አትቀርም። «ጋሼ፣ የት ግንባር ነበሩ? ስንት ጣሉ?» ሰውየው ናቅፋ ወይም ምጽዋ ካሉ ወንበር ይሳብላቸዋል። «ጋራዥ ነበርኩ» ወይም «ወጥ ቤት ነበርኩ» ካሉ ግን ጉድ ፈላ። «እርስዎማ ሲበሉ ነዋ የከረሙት!» ይባልና ሳቅ ይሆናል። የኔ ጠብ ከዚህች ሳቅ ጋር ነው።

ለመሆኑ ማን ምድቡን መርጦ ዘመተ? በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወንድ ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ሲጠራ «መትረየስ ይሻልሃል ወይስ ጭልፋ?» ብሎ አልጠየቀም። ከአጋሮም ከሊሙም የሄደው ልጅ አለቃው በመደበው ቦታ ቆመ። እናቱ ያለቀሰችው ልቅሶ ግን በምድብ አይለያይም። ከወጣትነቱ የተቆረጡት ዓመታትም እንደዚያው።

ቋንቋችን እኮ ከኛ ይልቅ ፍትሕ ያውቃል። «ስንቅና ትጥቅ» ሲል ስንቅን አስቀድሞ ነው። ዓድዋን ተመልከቱ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት ስንቁ እያለቀ፣ ብዙ መቆየት እንደማይችል እየታወቀ ነበር። የጄኔራል ባራቲዬሪም ስንቅ እንዲሁ እየተሟጠጠ ነበር። የካቲት 23 የሆነው ጦርነት ቀኑን የቆረጠለት የጀግና ልብ ብቻ ሳይሆን የባዶ አቁማዳ ጉዳይም ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ እዚያ ድረስ የደረሰው ደግሞ ዱቄት ተሸክመው፣ እህል ፈጭተው፣ እንጀራ ጋግረው በተከተሉት ሴቶችና አገልጋዮች ጉልበት ነው። የስንቶቹን ስም እናውቃለን?

«የውስጥ አርበኛ» የሚል ማዕረግም አለን። ሸዋረገድ ገድሌ በፋሺስት ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች ስንቅና መረጃ በመላካቸው ታስረው ተሠቃዩ፤ ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ድረስ ተጋዙ። እሳቸውን «ስንት ጣሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ለሳቸው የገባን ነገር ለጎረቤታችን ጡረተኛ ሾፌር ሲሆን ለምን ይጠፋናል?

«ኋላ ያለ ሰው አደጋ የለበትም» የሚሉም አሉ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ የናደው ዕዝ ሲፈርስ የሆነውን ያስታውሱ። ከከተማዋ ሊወጣ የሞከረው የተሽከርካሪ ሰልፍ ጠባብ በር ላይ ፊቱ ተመትቶ መንገድ ተዘጋበት። መሣሪያው በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሱ ወገን አውሮፕላን ደበደበው። እዚያ መሪ ጨብጦ የነበረ ሰው ከባለ ምሽጉ በምን ያንስ ነበር?

አንድ እውነተኛ መከራከሪያ ግን አለ። ምሽግ ውስጥ ከሞት ጋር ፊት ለፊት የተያየና ዴፖ ውስጥ ጫማ የቆጠረ እኩል ናቸው ወይ? አይደሉም። እኩል ናቸው ያለም የለም። የጀግንነት ሜዳይ ለጀግንነት ነው፤ ጓዱን ከጥይት መሀል ጎትቶ ላወጣ ይሰጥ፤ ማንም አይሻማው። አገልግሎት ግን ሌላ መዝገብ ነው። እዚያ የሚጻፈው «ተጠራ፣ ሄደ፣ የታዘዘውን ፈጸመ» የሚል ነው። የጡረታ ሕግ እንኳ የሚቆጥረው የአገልግሎት ዘመንን እንጂ የተተኮሰ ጥይትን አይደለም። ሁለቱን መዝገብ የቀላቀልነው እኛ ነን።

ለጅማ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም። ቀይ ፍሬውን የለቀመችው፣ አልጋ ላይ ያገላበጠው፣ ጀንፈሉን የፈለፈለው፣ ጆንያውን የተሸከመው፣ መኪናውን የነዳው፤ ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ቡናው ወደብ አይደርስም። ወደ ውጭ የላከው ነጋዴ ብቻውን «ቡና አወጣሁ» ቢል እንስቅበታለን። በወታደሩ ሲሆን ግን የምንስቀው በጆንያ ተሸካሚው ነው።

በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። «የደርግ ወታደር» ተብሎ በጅምላ ተሰደበ፤ ከስድቡ ማንም በምድቡ አልተማረም። ወጥ ቤት የነበረውም እኩል ተሰድቧል። ስድቡን እኩል ካካፈልን ምስጋናው ላይ ሚዛን ማውጣት ምን የሚሉት ስስት ነው?

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራዊት ቀን በጥቅምት 15 ይከበራል። በዚያ ቀን ቀበሌው ታንክ ማራኪውን ሲጠራ ወጥ ሠሪውንም፣ መካኒኩንም፣ ነርሷንም ይጥራ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን ልከው የነዚህን ሰዎች ታሪክ ያስጽፉ፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና ነገ ዛሬ አይባል። እኛም ቡናው ላይ ጥያቄያችንን እናርም። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት አገለገሉ?» እንበልና መልሱን ሳንስቅ እንስማ።