ሦስት ደብተሮች

ከደሴ ተነሥቶ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ መካነ ሰላም የደረሰ መንገደኛ፥ ከብርዱ ቀጥሎ የሚያስታውሰው የምሽቱን ጸጥታ ነው። ባለፈው ክረምት በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ወዳጃችን ሦስት የግጥም ደብተሮቹን ምድጃ ውስጥ ጨመራቸው። እናቱ ደርሰው «ምነው ልጄ፥ ኩበት አጣን እንዴ?» አሉት። እኛም ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ «ስጽፋቸው ወርቅ ነበሩ፤ ሳነባቸው ገለባ ሆኑብኝ» ሲል መለሰልን።

በዚህ ነገር እኛም ንጹሕ ነን አንልም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ሌሊት ሙሉ የጻፍነውን ታሪክ በማለዳ ቀደን ጥለናል። ስለዚህ ወዳጃችንን ለመውቀስ አፋችን አልደፈረም፤ ይሁን እንጂ ዝም ማለትም አልሆነልንም።

በገዛ ሥራ አለመርካት የመካነ ሰላም ሕመም ብቻ አይደለም። ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ሲሞት፥ ብዙ ዘመን የደከመበት «ኤኔይድ» በእሳት እንዲቃጠል አዝዞ ነበር ይባላል፤ ከእሳት ያዳነው የቄሣር አውግስጦስ ትእዛዝ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908፥ ሥዕሎቹ ለሕዝብ ሊታዩ ጥቂት ቀን ሲቀር፥ ከዐሥር የሚበልጡትን በገዛ እጁ አበላሽቷቸዋል።

ነገር ግን ፈረንጅ አገር ድረስ ምን አስኬደን? ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ቁልቁል የወረደ ሰው ማዶውን የሚያየው ጎጃምን ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር። ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር ደግሞ ዋድላ አለ። የወሎው ቦረና በነዚህ ስመ ጥር ጉባኤያት መካከል የተቀመጠ ደጋ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቦ፥ ውሻ እየተከላከለ ቁራሹን ለምኖ የሚማረው ተማሪ፥ ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ቀስ በቀስ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ሲቆም ግን ወርቅ የመሰለው ሁሉ ወርቅ ሆኖ አይገኝም። ሰሙ ከወርቁ አልገጠመ እንደሆነ፥ ቤቱም ያነከሰ እንደሆነ፥ መምህሩ ያርማሉ፤ ያቃናሉ፤ አንዳንዴም ጨርሰው ይጥሉበታል። ተማሪው ፊቱ ቢጠቁርም የሚያቃጥለው ደብተር የለውም፤ ቅኔው ያለው በቃሉ ነውና። ለማዘንም ቢሆን ጊዜው አጭር ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነ ነገ ሌላ አዲስ ይጠበቅበታል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት፥ ያ ተማሪ ከወዳጃችን ይልቅ በሥራው የረካ ሰው አይደለም። እንዲያውም በየቀኑ አይረካም። ልዩነቱ ሰሚ ያለው መሆኑ ነው። ወዳጃችን ሦስት ደብተር እስኪሞላ ድረስ አንዲት ግጥም ለማንም አንብቦ አያውቅም። ራሱ ጻፈ፤ ራሱ ፈረደ፤ ፍርዱንም ራሱ ፈጸመ። ዳኛም ከሳሽም አንድ ሰው በሆነበት ችሎት ደግሞ ነጻ የሚወጣ ተከሳሽ የለም።

የቅኔ ቤት ልማድ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ቁጣው የሰበረው ተማሪም ሞልቷል። ደግሞም ዕለት ተቆጥሮ ዕለት የሚረሳው ቅኔ ስንቱ በነፋስ ሄደ! መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አፍ እየሰሙ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. ባያሳትሙት ኖሮ፥ የእኒያ ሊቅ ጨዋታና ትዝታ ከእርሳቸው ጋር በተቀበረ ነበር። አለመርካት የሚያጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም፤ ባለመጻፍም ጭምር ነው።

አለመርካትን በወጉ ከያዙት ሰዎች መካከል ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ትዝ ይሉናል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ። የረካ ሰው ቢሆኑ ባገኙት ገንዘብ ቤት ይሠሩ ነበር። (ቤቱንስ ኋላ ሠርተውታል፤ ቪላ አልፋ የሚባለውን።) እርሳቸው ግን ገንዘቡን ይዘው እንደገና ወደ አውሮፓ ለትምህርት ሄዱ። የመስታወት ሥዕል አሠራር ተማሩ፤ በለንደን፥ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የአገራችንን የብራና ሥዕሎችም አጠኑ። ዛሬ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ባለቀለም መስታወት አንጋጦ የሚያይ ሁሉ የሚያየው የዚያን ሁለተኛ ትምህርት ፍሬ ነው። ሰው ሁሉ ለንደን ይሂድ አንልም፤ የቦረና ልጅ እስከ ደሴ የሚያደርሰውን የመኪና ሒሳብ እንኳ አስቦ ነው የሚነሣው። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፥ በሳምንት አንድ ምሽት፥ ጽፎ የሚያነብና ሰምቶ የሚያርም ሰው ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው ወጪ ምንድር ነው?

ለወዳጃችን ይህን አሳብ ብንነግረው ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ ከተቃጠሉት ግጥሞች ዐሥራ አንዱን በቃሉ እንደሚያውቃቸው ነገረን። ለሚመጣው እሑድ ሁለቱን ሊያሰማን ቃል ገብቷል። እኛም በበኩላችን ያን ቀደን የጣልነውን ታሪክ፥ እስከምናስታውሰው ድረስ፥ እንደገና መጻፍ ጀምረናል።