አየር በአየር የሚነገድበት አሻንጉሊት

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ቤይጂንግ ላይ ቁመቱ 131 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የላቡቡ አሻንጉሊት በጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጠ። ይህን ሰምተው ለምግብ የተሰጣቸውን ድጎማ በሳጥን ላይ ያዋሉ ጓዶች በመካከላችን አሉ፤ አትርፈን እንሸጣለን ባዮች ናቸው።

የሸቀጡ አሠራር ግን ግልጽ ነው። ፖፕ ማርት ሳጥኑን አሽጎ ይሸጣል፤ ገዢው የሚደርሰውን አያውቅም፤ በአንዳንዱ ስብስብ «ምስጢር» የተባለው የሚገኘው ከ72 ሳጥን በአንዱ ነው። ይህ ሎተሪ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ዋጋውን ያናረው ፕላስቲኩ ወይም የሠራተኛው ድካም ሳይሆን እጥረቱ ነው። በዚያው ወር ኩባንያው አሻንጉሊቱን በብዛት ሲለቅ የአትራፊዎቹ ዋጋ ወዲያው አሽቆለቆለ።

አሻንጉሊት መውደድን አንነቅፍም (ከራስጌያችን አንዱ ጥርሱን አግጦ ተቀምጧል)። ጓዶች ግን የያዙትን ሳጥን በገዙበት ዋጋ ለፈላጊው ይልቀቁ፤ በማኅበሩ ክፍል የሚካሄደውም ንግድ በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ይያዝ።